ፓሌት ማፍረስ

አይሻዶ፣ ማለትም የዓይን ቆብ ቀለም፣ የምትጠቀም ሴት ቀለሞቹ የተደረደሩበትን ሳጥን፣ ፓሌቷን፣ ከፍታ ብታሳየኝ፣ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት መስተዋት ፊት ምን እንደምታደርግ ልነግራት እችላለሁ። ከአሥራ ስምንቱ ቀለም የአንዱ ወይም የሁለቱ መሃል ተቦርቡሮ የቆርቆሮው ወለል ብልጭ ይላል። በቀሩት ላይ ግን ፋብሪካው ያተመው ጌጥ እንኳ አልተነካም። ያለቀው ደግሞ ሁልጊዜ ቡናማ ነው። ሰማያዊ አይሻዶ ጨርሳ ፓሌት የጣለች ሴት እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ካለች አስተዋውቁኝ።

ቡናማው ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ሌላ ፓሌት ይገዛል። አዲሱም አንድ ጥሩ ቡናማ፣ ሁለት ደህና ቀለምና አሥራ አምስት አጃቢ ይዞ ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ መሳቢያው ይሞላል። የእኔ መሳቢያ የሞላው በመግዛት ብቻ አይደለም። ዱባይ ያለችው ታላቅ እህቴ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ትልካለች። ውጭ አገር ዘመድ ያላት የአዲስ አበባ ሴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች፤ ሻንጣው ሲከፈት ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ ሎሽን፣ ከዚያ በልብስ ተጠቅልሎ የመጣ ፓሌት። ላኪዋ ቀለም መርጣ አይደለም የምትልከው፤ ሳጥኑ ሲያምር፣ ዋጋው ቀነስ ሲል ነው የምታነሳው። ልምረጥ ብትልስ በምን ትመርጣለች? ፊቴን ከቪዲዮ ውጭ ካየችው ቆይታለች።

ከመሳቢያዬ ጋር የታረቅኩት ፓሌቶቹን ማፍረስ ስጀምር ነው። ማፍረስ ስል መሰባበር ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ቀለም የተጠቀጠቀባትን ትንሽ ቆርቆሮ፣ ፓን የምንላትን፣ ከካርቶኑ ወይም ከፕላስቲኩ ነቅዬ የምፈልጋቸውን ብቻ አንድ ባዶ ሳጥን ውስጥ እንደገና እደረድራለሁ። የሜካፕ ባለሙያዎች ይህን ድሮም ይሠሩታል፤ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ባዶ የማግኔት ፓሌትም በየአገሩ ይሸጣል። ቤት ውስጥ ለራስ ሲሠራ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ከመንቀልሽ በፊት መምረጥ አለብሽ፤ ስትመርጪ ደግሞ ይህን ሁሉ ቀለም ማን ለማን ብሎ እንደደረደረው ማሰብሽ አይቀርም።

ለማን እንደሆነ ለማወቅ ትልቁን ፓን ማየት ይበቃል። ብዙ ፓሌት ላይ ከሌሎቹ ሰፋ ተደርጎ የሚቀመጠው ክሬም ወይም ፈዛዛ ሮዝ ነው። የዓይንን ቆብ በሙሉ እንዲሸፍን፣ ለሌሎቹ መደላድል እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። የታሰበላት ሴት ቆዳዋ ከዚያ ቀለም ብዙም አይርቅም። እኔ ስቀባው ግን ዓይኔ ዙሪያ አመድ የተነፋብኝ ይመስላል። ፈዛዛ ማት (የማያብረቀርቁ) ቀለሞች ንጣታቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ቀለም የሚነጣበት ያው ዱቄት። ቡናማ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከሥር ያለውን ሙቀት ይሸፍንና ግራጫ ያደርገዋል። ቡናማዎቹ፣ ቀዮቹና ቢጫዎቹ ግን በአብዛኛው ከአይረን ኦክሳይድ ይሠራሉ፤ ከዝገትና ከቀይ አፈር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እኛ ላይ የሚያምሩት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ አልምልም። የእኔ ያለቁ ፓኖች ሁሉ ግን ከዚያ ዘር ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የዘፋኟ ሪሃና የመዋቢያ ብራንድ ፌንቲ ቢዩቲ 40 ዓይነት ፋውንዴሽን፣ በቆዳ ቀለም ልክ ፊት ላይ የሚቀባውን፣ ይዞ ገበያ ሲወጣ ስለ ቆዳ ቀለም የሚወራው ወሬ ተለወጠ፤ ሌሎቹም ብራንዶች ጥቁር ቆዳን እያስታወሱ መጡ። ለውጡ ግን ፋውንዴሽኑን ያህል ዓይን ዘንድ አልደረሰም። ናይጄሪያ ተወልዳ አሜሪካ የምትሠራው ቺቺ ኢቡሩ የመሠረተችው ጁቪያስ ፕሌስን የመሳሰሉ፣ ከጥቁር ቆዳ የሚነሱ ፓሌቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እህቴ ቅናሽ ላይ የምታገኛቸው ግን እነሱ አይደሉም።

እንዲያም ሆኖ ነጭ የመሰለ ሁሉ አይወረወርም። ፓኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ፣ ዘንበል ሲያደርጉት ወርቃማ ወይም አረንጓዴ ጥላ የሚያሳይ ዓይነት አለ። ማይካ የሚባል አብረቅራቂ ማዕድን ቅንጣት በጣም ስስ በሆነ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይለበጣል፤ የልባጡ ውፍረት ሲለያይ የሚያንጸባርቀው ቀለም ይለያያል። ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ይህ ቀለም ከሌላው ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን የቀረውን ብርሃን ስለሚውጠው ያ አንድ ቀለም ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ለሌላ ሴት ታስቦ ተሠርቶ እኛ ላይ ይበልጥ ያማረ ነገር ሳገኝ ትንሽ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ሁሉንም ክንድ ላይ መሞከር ነው። የክንድ ውስጠኛው ክፍል፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን። የመኝታ ቤት አምፖል ማንኛውንም ቀለም ጥሩ ያስመስላል።

የነቀላው ሥራ እንደ ሳጥኑ ይለያያል። የካርቶን ፓሌት ቀላል ነው። ፓኑ የተያዘው በሙጫ ብቻ ስለሆነ፣ ጠርዙን በቢላ ጫፍ ከፈት አድርጎ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ዙሪያውን ማንጠባጠብ፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከሥር ቀስ ብሎ ማንሳት። ጠብታ ቀለሙ ላይ ቢያርፍ አያስደነግጥም፣ ይተናል። ውሃ ግን አይጠጋም፤ ውሃ የነካው ዱቄት ይደርቅና ብሩሽ አልይዝ ይላል፣ ካልደረቀ ደግሞ ሻጋታ ይጠራል።

ፕላስቲኩ ሙቀት ይፈልጋል። ብዙዎች ሻማ ላይ ይዘው ያቀልጡታል። እኔ አልወደውም፤ ጥቀርሻው አለ፣ ሽታው አለ፣ የሚቀልጥ ፕላስቲክ ጭስ ማንም ሊተነፍሰው የሚገባ ነገር አይደለም። የፀጉር መተኮሻ ይሻላል። ዘግቼ አግዬው ጠረጴዛ ላይ አስተኛዋለሁ፣ ላዩ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አነጥፋለሁ፣ የፓሌቱን ጀርባ በዚያ ላይ አሳርፋለሁ። መስኮቱ ተከፍቶ ነው ይህ ሁሉ። ሙጫው ሲለሰልስ በጋለ ምስማር ከፓኑ ሥር ቀዳዳ አበጅቼ፣ በዚያው ቀዳዳ ወደ ላይ እገፋዋለሁ። ሙጫው ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው ለአፍታ ስለሆነ ማመንታት አያስፈልግም። የወጣው ፓን ስለሚያቃጥል በወረንጦ ተይዞ እስኪበርድ ይቀመጣል። ትኩስ ዱቄት በጣት ከተነካ ይሰነጠቃል።

እናቴ የፕላስቲኩ ሽታ ሳሎን ሲደርስ መጣች።

«ምን እያቃጠልሽ ነው?»

«አይሻዶ እያወጣሁ ነው፣ እማዬ።»

«ደህናውን ዕቃ! እህትሽ ስንት ለፍታ የላከችውን!» ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን አየችና፣ «አሁን ይሄ የት ሊገባ ነው?» አለች።

ሳጥኑን አሳየኋት።

«ከሳጥን አውጥተሽ ሳጥን ውስጥ ልትከቺው ነው ይሄ ሁሉ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በእርግጥም ከሳጥን ወደ ሳጥን ነው። ያሳየኋት ተማሪ ሆነን ኮምፓስና ፕሮትራክተር የምንይዝበት፣ ክዳኑ ላይ ሥዕል ያለበት ረዥም ቆርቆሮ ነው። የወንድሜ ነበረ፤ ቀለሙ ጫፍ ጫፉ ላይ ተልጧል። ብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዛል። ብዙ ነጠላ አይሻዶዎች 26 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ፓን ነው የሚመጡት፤ ከፓሌት የሚወጡት ግን አራት ማዕዘንም፣ ሞላላም፣ እንደ ፋብሪካው ናቸው። ከሥራቸው በሙጫ ትንሽ ስስ ማግኔት ይለጠፍባቸዋል፣ በቃ። ሳጥኑ ራሱ ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወለሉ ላይ የማግኔት ሉህ ይነጠፍና ፓኖቹ በራሳቸው ይያዛሉ። እዚህ ላይ ግን ፓኑ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የብረት ፓን ይያዛል፣ የአሉሚኒየም ፓን አይያዝም፤ ለእሱ ከጀርባው ቁራጭ ብረት መለጠፍ ነው። ጎበጥ ብለው የሚሠሩት፣ የተጋገሩ የሚባሉት አይሻዶዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት በሸክላ ላይ ስለሆነ ማግኔት ጭራሽ አያውቃቸውም።

በባዶ ሳጥን መጀመር የሚያሳፍረው ሰው ካለ፣ የፓሌት ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በባዶ ነው። የጥንት ግብፃውያን ፓሌት ቀለም የሚፈጭበት ድንጋይ ነበር። ማላካይት የሚባለውን አረንጓዴና ጋሌና የሚባለውን ጥቁር ማዕድን እዚያ ላይ አልመው ዓይናቸውን ይኳሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ሂራኮንፖሊስ ላይ የተገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት 3100 ገደማ የተሠራው የናርመር ፓሌት 64 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት አለው። የንጉሥ ድል ተቀርጾበታል፤ እንዲያም ሆኖ መሃሉ ላይ ቀለም መፍጫ የምትመስለው ክብ አልቀረችም። ያኔ ድንጋዩ የባለቤቱ ነው፣ የሚፈጨውም ባለቤቱ ያመጣው ነው። አሥራ ስምንት ቀለም አንድ ላይ አጣብቆ «ይህን ተቀቢ» ማለት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ሐሳብ ነው።

ጋሌናን ካነሳሁ አይቀር፣ «የአያቴን ኩል ፓን ውስጥ ልጨምቀው ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ ጓደኛ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ባህላዊ ኩል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጋሌና የእርሳስ ማዕድን ነው፤ መርዛማው ብረት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ኩልን በመዋቢያ ቀለምነት የማይፈቅደውም በዚሁ ምክንያት ነው። የእኔም አያት ዕድሜዋን ሙሉ ተኩላ ኖራለች፣ እኔም በልጅነቴ ተኩዬ አድጌአለሁ፤ ያ ግን ዛሬ ዱቄቱን ከሌላ ቀለም ጋር ለመቀላቀል ፈቃድ አይሆነኝም። የእሷ ኩል በብልቃጡ ከነመኳያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ እዚያው ይቀመጥ። ለዕደ ጥበብ የሚሸጥ ግሊተርም እንደዚሁ ዓይን አጠገብ አይደርስም። እንዲሁም የሆነ ትልቅ ብራንድ ስም ተለጥፎበት፣ ምን እንደያዘ አንድ መስመር እንኳ ያልተጻፈበት ርካሽ ፓሌት ሳጥን ስለቀየረ አይታመንም።

ሻንጣ ውስጥ የተሰበረ ቀለም ግን ሊድን ይችላል፤ እህቴ ከምትልከው ግማሹ ተሰብሮ ስለሚደርስ ይህን በደንብ ለምጄዋለሁ። ግማሽ ብቻ የተሰበረውንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ መፍጨት ነው፤ ለመጠገን መሞከር የትም አያደርስም። የላመውን ዱቄት ወደ ፓኑ መልሼ አልኮል በጠብታ እጨምራለሁ፣ እስኪላቆጥ። ከዚያ ከፓኑ ጥቂት የምታንስ ሳንቲም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ እጫነዋለሁ። የጨርቁ ሽመና ቀለሙ ላይ ይታተማል፣ ያምራል። ለዚህ ሥራ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ይሻላል፣ ውሃው አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ፋርማሲ በቀላሉ የሚገኘው 70 በመቶውም ይሠራል፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። በጋ ላይ አድሮ ለሚደርቀው ክረምት ላይ ጊዜ ጨምሩለት። የቆየ ቀለም ለማጽዳት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ጀርም ለመግደል 70 በመቶው ይመረጣል፣ ውስጡ ያለው ውሃ አልኮሉ ቶሎ እንዳይተንና ወደ ጀርሙ እንዲዘልቅ ይረዳዋል። እጅ የጨመቀው ቀለም ፋብሪካ ከጨመቀው ይልቅ ለስለስ ይላል፣ ብሩሽ ላይ ብናኙ ይበዛል። እኔ አይከፋኝም። ቅባት ያላቸው፣ ክሬም የሆኑት ላይ ግን ይህን መሞከር ቀለሙን ማበላሸት ነው።

አሰልቺው ክፍል መጻፉ ነው፤ ግን አይዘለልም። ፓኑ ከሳጥኑ ሲወጣ ስሙ፣ የምርት ቁጥሩ፣ የያዘው ነገር ዝርዝር ሁሉ ከሳጥኑ ጋር ይቀራል። ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል ሆዱ ላይ 12 ወይም 24 የሚል ቁጥር ይዞ አይታችሁ ይሆናል፤ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው የሚናገረው። አውሮፓ ኅብረት ሳይከፈት ከ30 ወር በላይ በሚቆይ ምርት ላይ እንዲታተም ያስገድዳል። ስለዚህ ከመንቀሌ በፊት የሳጥኑን ጀርባ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ፣ የተከፈተበትን ወር ከፓኑ ሥር በፕላስተር ላይ እጽፋለሁ። ስማቸውን ግን አልገለብጥም፣ እኔው እሰይማቸዋለሁ። የተቆላ ቡና፣ ቀይ አፈር፣ ጥቁር አዝሙድ። አንዷ ቢጫ መስከረም ትባላለች፣ ዓመቱን ሙሉ ባትቀባም።

አደራደሩ ላይ ብዙ ቆየሁ። መጀመሪያ የደረደርኩት ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ነበር፣ ሱቅ ውስጥ እንደሚደረገው፤ ለፎቶ ያምራል፣ ለእጅ አይመችም። ከዚያ ሐሳቤን የቀየረችው ጥር ላይ የሠርግ ሜካፕ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። የእሷ ሳጥን ሲከፈት ውጥንቅጥ ይመስላል። ሲያስተውሉት ግን በቀለም ሳይሆን ብሩሿ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ የዓይን ጉድጓድ ላይ የሚገባው፣ ቀጥሎ ጠርዙን የሚያጠቁረው፣ መጨረሻ መሃል ላይ የሚያበራው። መካከለኛ ቡናማ ከሁሉም አብዝታ ይዛለች። ብሩሿንም ፓኑ ላይ አታሳርፍም፤ ዱቄቱን በቢላ ጫፍ ፈቅፍቃ ትንሽ ሳህን ላይ ታወጣና ከዚያ ነው የምትነክረው።

«እኔም እንደዚህ ላድርግ?» ስላት ሳቀች።

«አንቺ ያለሽ አንድ ፊት ነው። እኔ በአንድ ቅዳሜ ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቿን፣ እናትየዋን፣ አንዳንዴም አማቷን አለኝ። ጀርሙን ከአንዷ ወደ አንዷ ላዙረው?»

የእሷን አሰላለፍ ግን ወሰድኩ። አሁን የእኔ ላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ የሥራ ቀን ነው፤ ቀይ አፈር፣ የተቆላ ቡና፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ መዳብ። ታችኛው ሠርግ ሲኖር ብቻ የሚነካ ነው። እናቴ ተደርድሮ ስታየው ቅሬታዋን ትታ፣ «እንደ ቅመም ዕቃዬ ነዋ፤ በርበሬው ቅርብ፣ ኮረሪማው ራቅ» አለች። ከዚያ የተሻለ ያስረዳ ሰው የለም።

የተረፉት ቀለሞች ወደ ቆሻሻ አልሄዱም። የአይሻዶን ብልጭታ የሚሰጠው ማይካ ከሚወጣባቸው ቦታዎች ሁለቱ የሕንዷ ጃርክሃንድና ማዳጋስካር ናቸው፤ በሁለቱም ሕፃናት ድንጋዩን ሲለቅሙ እንደሚውሉ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያልተነካ ሺመር፣ የሚያብለጨልጨውን ቀለም፣ ቅርጫት ውስጥ መገልበጥ ከበደኝ። ንጹሖቹን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት፣ አንዳንዶቹን ቀለም ከሌለው የጥፍር ቅብ ጋር ቀላቅዬ ለእህቶቼ ልጆች የጥፍር ቀለም አደረግሁላቸው። ጊዜያቸው ያለፈውን ግን ጣልኩ፤ ማዘን ዓይንን ከማሳከክ አያድንም።

የፈራሁት እህቴን ነበር። ስጦታ ማፍረስ ስጦታ መናቅ ይመስላል። በቪዲዮ ስንነጋገር ባዶዎቹ ሳጥኖች ከኋላዬ ተከምረው አየች።

«ያን ሁሉ ገነጣጠልሽው?»

ቆርቆሮውን ከፍቼ ወደ ካሜራው አቀረብኩላት። ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ «የላይኛውን ረድፍ እስኪ አንድ በአንድ ክንድሽ ላይ አድርጊልኝ» አለች። አደረግሁ። እሷም የራሷን መሳቢያ ከፍታ አሳየችኝ፤ እዚያም ቡናማው ያለቀ፣ የቀረው ያልተነካ። «ለኔም ሥሪልኝና ሰው ሲመጣ ላኪልኝ» አለች።

እሺ አልኳት፤ ስሠራው ግን እሷ እየላከች ከነበረችበት ችግር ውስጥ ገባሁ። ፊቷን የማየው በስልክ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ቆዳዋን አንዴ ያነጣዋል፣ አንዴ ያቀላዋል። ዱባይ ፀሐይ ላይ ምን እንደምትመስል አላውቅም። ስለዚህ እየገመትኩ አልመረጥኩም፤ መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ክንዷ ላይ እጇ ያለውን ቀለም ሁሉ እያደረገች፣ የትኛው አመድ እንደሚሆንባት፣ የትኛው እንደሚጠፋባት ራሷ እንድትነግረኝ አደረግሁ። ከእኔ ትንሽ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው የሚሆናት። ከመዳብ ይልቅ ወርቅ። ለሥራ የማትቀባ ስለሆነ የሥራ ቀን ረድፍ አያስፈልጋትም፤ ሁለቱም ረድፍ ዓርብ ማታ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቃት አውቅ ነበር። እህቴ ግራኝ ናት፤ የእሷን ከቀኝ ወደ ግራ ደረደርኩት።